ብረት ያልጠገቡ ኮከቦች

(ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ኮከብ ላወራ ነው። መጀመሪያ አንድ ቅሬታ ላሰማ።

የሥነ ፈለክ ሰዎች ንጥረ ነገሮችን ለሦስት ነው የሚከፍሏቸው። አንደኛ ሃይድሮጂን፣ ሁለተኛ ሂሊየም፣ ሦስተኛ የቀረው ሁሉ። የቀረውን ሁሉ ደግሞ «ብረታ ብረት» ይሉታል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ለእነሱ ብረታ ብረት ነው። ከሰል ውስጥ ያለው ካርቦንም እንደዚያው። ይህን ፈተና ላይ የሚጽፍልኝ ተማሪ ቢኖር ያለ ርኅራኄ ዜሮ ነው የምሰጠው።

በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የተሠሩት ሃይድሮጂንና ሂሊየም ናቸው። በክብደት ሦስት አራተኛው ሃይድሮጂን፣ አንድ አራተኛው ሂሊየም ነበር። ላዩ ላይ ቅንጣት ሊቲየም ጣል ተደርጎበታል። በቃ። ካርቦን የለም፣ ካልሲየም የለም፣ ወርቅ የለም። የቀረው ከሞላ ጎደል በኋላ ኮከቦች ያበሰሉት ነው። ስለዚህ ለእነዚያ ሰዎች ዋናው ክፍፍል «ከመጀመሪያው የነበረ» እና «በኋላ የመጣ» የሚል ነው። («ሁላችንም የኮከብ አፈር ነን» የሚለውን አባባል ሰምታችሁታል። ዛሬ እኔም አልደግመውም።)

ከዚህ በኋላ «ብረት» ስል ምስማርና መዶሻ የሚሠራበትን ብረት ማለቴ ነው። የሥነ ፈለክ ሰዎች ከባዶቹን ንጥረ ነገሮች ሁሉ አንድ በአንድ ከመቁጠር ይልቅ ብዙ ጊዜ ብረቱን ለክተው የኮከቡን ሀብት በእሱ ይገምታሉ። መለኪያቸው ፀሐይ ናት። ፀሐይ ራሷ ሀብታም መስላችሁ ይሆናል። ከሃይድሮጂንና ከሂሊየም ሌላ ያላት ሁሉ ተጠራቅሞ ከ100 እጅ 2 እንኳ አይሞላም። እሷ ሀብታም ከተባለች ድሃው ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወደ ቤታችን ልውሰዳችሁ። እንጀራ በሚጋገርበት ቤት እርሾ አይጠፋም። ሊጡ ቦክቶ ሲያልቅ ትንሽ ይቀመጣል፣ ለቀጣዩ ቡኮ ይገባል፣ ከዚያኛው ደግሞ ለሚቀጥለው። ኮከቦችም እንደዚያ ናቸው። አንድ ግዙፍ ኮከብ ሆዱ ውስጥ ሃይድሮጂንን ሂሊየም፣ ሂሊየምን ካርቦን፣ ካርቦንን እያለ ሲያበስል ይቆያል። ብረት ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ምክንያቱም ብረትን አዋህዶ ጉልበት ማግኘት አይቻልም። እምብርቱ ይደረመሳል፣ ብዙ ጊዜም ኮከቡ ይፈነዳል። ያበሰለው በዙሪያው ባለው ጋዝ ላይ ይበተናል። ቀጣዩ ትውልድ የሚወለደው ከዚያ እርሾ ከገባበት ጋዝ ነው። እየቆየ ጋዙ እየበለጸገ ይሄዳል። ስለዚህ ብረት ያነሰው ኮከብ፣ በጥቅሉ፣ ቀደም ብሎ የተወለደ ነው። በጥቅሉ ያልኩት አምልጦኝ አይደለም፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ያኔ የተወለደ ኮከብ ዛሬ እንዴት በሕይወት ይገኛል? ግዙፎቹማ የሉም። ከፀሐይ በብዙ አሥር እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ዕድሜው 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ድንቅነሽ ከሞተች 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። እሷ በሞተችበት ቀን የተወለደ ግዙፍ ኮከብ ቢኖር፣ ኖሮ፣ አርጅቶ፣ ፈንድቶ ዛሬ ታሪክ ሆኗል። ትንንሾቹ ግን ቆጣቢዎች ናቸው። ከፀሐይ ክብደት 80 በመቶ ያህል ያለው ኮከብ ነዳጁን እየቆጠበ ስለሚያነድ ከዓለም ዕድሜ በላይ መኖር ይችላል። የሚያበስለውም እምብርቱ ላይ ነው፣ ላዩ ብዙም አይነካም። ላዩ ላይ ያለው ጋዝ በተወለደበት ቀን የነበረው ጋዝ ነው ማለት ይቻላል። አያት ቤት ሳጥን ውስጥ ሳይነካ የተቀመጠ ልብስ በሉት።

እሺ፣ ሄደን ሳንቀምሰው ውስጡ ያለውን እንዴት አወቅን? ይህኛው የእኔ ሙያ ነው። ክፍል ውስጥ ጨው እሳት ላይ ስበትን ነበልባሉ ቢጫ ሲሆን አይታችኋል። ሶዲየም ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆኑ ቀለሞች አሉት፣ እንደ ጣት አሻራ። በ1814 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠራው) ጀርመናዊው የመነጽር ባለሙያ ፍራውንሆፈር የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ዘርግቶ ሲያይ ከ500 በላይ ጥቁር መስመሮች አገኘ። ምን እንደሆኑ አላወቀም። በ1859 ኪርኾፍና ቡንሰን ሃይደልበርግ ላይ ሆነው ፈቱት። ጥቁር መስመር ማለት ኮከቡ ላይ ያለ ንጥረ ነገር የራሱን ቀለም ከብርሃኑ ላይ ሲያስቀር የሚተወው ባዶ ቦታ ነው። አዎ፣ ያ ቡንሰን ነው፣ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ያለችው ማንደጃ በስሙ የተጠራች።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ እኔን ሁሌም ያናድደኛል። በ1925 ሲሲሊያ ፔይን የምትባል የ25 ዓመት ወጣት ሃርቫርድ ላይ የዶክትሬት ሥራዋን አቀረበች። መስመሮቹን አስልታ ያገኘችው ኮከቦች በአብዛኛው ሃይድሮጂን መሆናቸውን ነበር። በጊዜው ሁሉም የሚያምነው ፀሐይ እንደ ምድር ዓይነት ነገር ናት፣ ብረቷም የትየለሌ ነው የሚለውን ነበር። ዝነኛው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ውጤቱ ሊሆን አይችልም አላት። እሷም ሥራዋ ላይ ይህ ቁጥር እውነተኛ ላይሆን ይችላል ብላ ጻፈች። ከ4 ዓመት በኋላ ራስል በራሱ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰ፣ ትክክል ነበረች አለ። እሷ ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ጽፋለች፣ አይፋቅም።

ይህ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር አይደለም። በ1951 ጆሴፍ ቻምበርሌንና ሎውረንስ አለር ሁለት ኮከቦችን መረመሩ። አንደኛው ካታሎግ ውስጥ ኤች ዲ 140283 ተብሎ የተመዘገበ ነው። ስሙን ያዙልኝ። መስመሮቹ ቀጫጭን ነበሩ፣ ብረቱም ካልሲየሙም ከፀሐይ በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ያኔ የብዙዎች እምነት ኮከቦች ሁሉ አንድ ዓይነት ቅይጥ ናቸው የሚል ነበር። ሁለቱ ሰዎች ውጤታቸውን አሳተሙ፣ ያሳተሙት ቁጥር ግን ዛሬ ከምናውቀው የለዘበ ነው። ዛሬ የዚያ ኮከብ ብረት የፀሐይ 250ኛ ያህል እንደሆነ እናውቃለን። ልካቸውን የለዘበ ያደረገው የሙቀት ግምታቸው ነው። እኔ ግን «ይህን ያህልማ ሊሆን አይችልም» የሚለው ስሜትም የራሱን አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም ባይ ነኝ። ተማሪዎች ላቦራቶሪ ውስጥ መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር ያልገጠመ ቁጥር ሲያገኙ ላጲስ ያነሳሉ። እያየኋችሁ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ፖል ሜሪል ኮከቦች ውስጥ ቴክኒሺየም አገኘ። ቴክኒሺየም ራዲዮአክቲቭ ነው፣ በጣም የሚቆየው ዓይነቱ እንኳ በ4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ኮከቡ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ እዚያው እየተሠራ ነው ማለት ነው። ድስቱ እሳት ላይ እያለ ተያዘ! በ1957 ማርጋሬት እና ጄፍሪ በርቢጅ፣ ዊልያም ፋውለር እና ፍሬድ ሆይል የትኛው ንጥረ ነገር በየትኛው መንገድ እንደሚበስል በዝርዝር አወጡ። ከዚያ በኋላ «ኮከቦች ንጥረ ነገር ይሠራሉ ወይ» የሚል ክርክር አልቀረም። የቀረው ፍለጋ ነው።

ፍለጋው አድካሚ ነው። ጋላክሲያችንን፣ ፍኖተ ሐሊብን፣ እንደ ምጣድ አስቧት። ጋዙ፣ አዳዲሶቹ ኮከቦች፣ እኛም ጭምር ያለነው ምጣዱ ላይ ነው። በላይም በታችም እንደ አክንባሎ የከደናት ሳሳ ያለ ክፍል አለ፣ ሃሎ ይባላል። ያረጁት ድሆች በብዛት የሚኖሩት እዚያ ነው። አንዳንዶቹ ምጣዱን አቋርጠው ሲያልፉ በአጠገባችን ይሮጣሉ። ግን ከሺዎች ኮከብ መካከል ነው የድሃ ድሃ የሚባለው አንዱ የሚገኘው። ዘዴው የካልሲየምን ሁለት ጎላ ያሉ ጥቁር መስመሮች ማየት ነው። ብርቱ መስመሮች ስለሆኑ በደካማ መሣሪያም ይታያሉ። ካልሲየሙ ከሳሳ ኮከቡ ተጠርጣሪ ነው፣ ወደ ትልቁ ቴሌስኮፕ ይላካል። ኮሌጅ መግቢያ ፈተና በሉት፣ ብዙ ይፈተናል፣ ጥቂት ያልፋል።

በዚህ መንገድ በ2002 ኖርበርት ክሪስትሊብና ባልደረቦቹ ብረቱ የፀሐይ 200 ሺኛ የሆነ ኮከብ አገኙ። በ2005 አና ፍሬበል ከዚያም የባሰ ድሃ አመጣች። በ2014 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ያለው ስካይማፐር የሚባል ቴሌስኮፕ ሁሉንም ያስረሳ አንድ ኮከብ ያዘ። የስካይማፐር መስታወት 1.35 ሜትር ብቻ ነው። እንጦጦ ላይ ካሉት ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ብዙም አይበልጥም። ልዩነቱ ሰማዩን በሰፊው የሚጠርግ ካሜራውና ለካልሲየም ተብሎ የተሠራው ማጣሪያው ነው። ኮከቡ 6,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ ስሙ የስልክ ቁጥር ይመስላል፣ አላስቸግራችሁም። ቺሊ ባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ ሲያዩት ብረቱ አልተገኘም። አንድም የብረት መስመር የለም! በመጀመሪያው ስሌት ቢኖር እንኳ የፀሐይ 10 ሚሊዮንኛ አይሞላም ተባለ። በኋላ ጥንቃቄ የተጨመረበት ስሌት ወሰኑን ወደ ጥቂት ሚሊዮንኛ ከፍ አድርጎታል። ያም ሆኖ ከባዶ የሚለይ አይደለም።

የገረመኝ ባዶነቱ አይደለም። ካርቦን አለው፣ ያውም ከብረቱ ጋር ሲተያይ እጅግ ብዙ። ብረት የሌለው ቤት ካርቦን ከየት መጣ? ያገኙት ሰዎች ያቀረቡት ትርጓሜ ይህ ነው። ከእሱ በፊት አንድ ብቻ ኮከብ ነበረ፣ ከፀሐይ 60 እጥፍ ያህል የሚከብድ። ሲፈነዳ ፍንዳታው ደካማ ነበር። ካርቦን ያለው የላይኛው ንብርብር ተበተነ፣ ብረት ያለው የውስጡ ተመልሶ ወደቀና ጥቁር ጉድጓድ ዋጠው። እኛ የምናየው ልጅ ከአንዲት እናት ብቻ የወረሰ ነው። እናቲቱን ማንም አላያት፣ ግን ስለ ሞቷ ይህን ያህል አወቅን። እኔ ስለዚህ ሙያ ሳስብ የሚደንቀኝ ይህ ነው። እኛ ኬሚስቶች ያለውን ነው የምንለካው። እነሱ የጎደለውንም እንደ ማስረጃ ያነባሉ።

ይህ ታሪክ ግን ሥርዓት ያለው እንዳይመስላችሁ። ካርቦንና ኦክስጅን የሌለው ጋዝ በደንብ ስለማይቀዘቅዝ ትንሽ ኮከብ ሊወልድ አይችልም የሚል አስተሳሰብ ነበር። በ2011 ኤሊዛቤታ ካፋውና ባልደረቦቿ የኛ አቆጣጠር አሰድ በሚለው የአንበሳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮከብ አገኙ። በጥቅሉ ከባድ ንጥረ ነገሩ ከፀሐይ 20,000 ጊዜ ያነሰ ነው። ካርቦኑም አልበዛም። በዚያ አስተሳሰብ መሠረት መወለድ አልነበረበትም። ኮከቡ ይህን አያውቅም፣ ተወልዷል። አሁን ብዙዎች ጋዙን ያቀዘቀዘው አቧራ ሊሆን ይችላል ይላሉ።

ወርቅ የምትወዱ፣ ንቁ። ከብረት የሚከብዱት፣ ወርቅ፣ ዩራኒየም፣ ዩሮፒየም፣ በተራ ማብሰል አይመጡም። ኒውትሮን እንደ በረዶ የሚዘንብበት ቦታ ይፈልጋሉ። ያ ቦታ የት ነው የሚለው ለአሥርት ዓመታት አከራክሯል። በ2015 ሬቲኩለም ሁለት የምትባል ሚጢጢ ጋላክሲ ተገኘች፣ ርቀቷ 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ። አሌክሳንደር ጂ የሚባል ተማሪ ከመምህሩ ከአና ፍሬበል ጋር 9 ኮከቦቿን መረመረ። ሰባቱ በዩሮፒየምና በመሰሎቹ ተሞልተው አገኛቸው። ሌሎች እንደሷ ያሉ ትናንሽ ጋላክሲዎች ውስጥ ግን ከእነዚህ ነገሮች የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩ በየፍንዳታው ትንሽ ትንሽ የሚመጣ አይደለም። እምብዛም አይከሰትም፣ ሲከሰት ግን አንድ ጋላክሲ ያጥለቀልቃል። እንደ ሎተሪ። ነሐሴ 2017 በፈረንጆች ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (ግዙፍ ኮከብ ሲሞት የሚተወው እጅግ የታመቀ እምብርት ነው) ሲጋጩ በቀጥታ ተያዙ። በ2019 ከዚያ ግጭት ብርሃን ውስጥ ስትሮንሺየም መኖሩ ታወቀ። ሌላ ምንጭ የለም ማለት አይደለም፣ ዋናው ተጠርጣሪ ግን ታውቋል። ድሆቹ ኮከቦች ከግጭቱ 1 ዓመት ቀድመው ጠቁመውን ነበር።

ዩራኒየምም ሌላ ጥቅም አለው፣ ሰዓት ነው። በ2001 ሮዤ ካይሬልና ባልደረቦቹ በአንድ ብረት ያነሰው ኮከብ ላይ የዩራኒየምን መስመር ለኩ። ዩራኒየም በ4.5 ቢሊዮን ዓመት ይጋመሳል፣ ቶሪየም በ14 ቢሊዮን። ሁለቱን አስተያይተው ኮከቡ 12.5 ቢሊዮን ዓመት ነው አሉ፣ ሲደመር ሲቀነስ 3። ስህተቱ ሰፊ ነው። ግን የኮከብ ዕድሜ ከራሱ አካል ላይ ተነበበ።

አሁን «በጥቅሉ» ወዳልኩት ልመለስ። ብረት ያነሰው ሁሉ አሮጌ አይደለም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰፈር እኩል ፍጥነት የለውም። ግዙፍ ኮከብ እንደ ቀን ሠራተኛ ነው፣ በጥቂት ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ፈንድቶ ኦክስጅንና ማግኒዥየም ያከፋፍላል። ነጭ ድንክ የሚባለው የሞተ ኮከብ ሲፈነዳ ደግሞ በብዛት የሚረጨው ብረት ነው። እሱ እንደ እቁብ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ አንዳንዴም ከቢሊዮን ዓመት በኋላ። ትልቅ ጋላክሲ ውስጥ ኮከብ በፍጥነት ስለሚወለድ እቁቡ ሳይደርስ ሀብቱ ይጠራቀማል፣ ማግኒዥየሙም ከብረቱ አንጻር ይበዛል። ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ ኑሮ ዝግ ያለ ነው። ገና በድህነት ላይ እያሉ እቁቡ ይደርሳል፣ ማግኒዥየሙ ከብረቱ አንጻር ያንሳል።

በ2010 ኒሰንና ሹስተር በሰፈራችን ያሉ 94 ኮከቦችን ለክተው የሃሎ ኮከቦች ሁለት ወገን መሆናቸውን አሳዩ። ብረታቸው እኩል፣ ማግኒዥየማቸው የተለያየ። ማግኒዥየም ያነሳቸው የሌላ አገር ሰዎች ይመስላሉ። በ2013 መጨረሻ የተመጠቀው የአውሮፓ ጋያ መንኮራኩር ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጉ ኮከቦችን ቦታ መዘገበ፣ የብዙዎቹንም አካሄድ። በ2018 መረጃው ሲታይ እነዚያ እንግዶች አካሄዳቸውም የተለየ ሆነ። ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፍኖተ ሐሊብ የዋጠቻት አንዲት ጋላክሲ ልጆች ናቸው። ጋያ ኤንሰላደስ ብለው ጠሯት። እናት አገራቸው ጠፍታለች፣ ቅላጼያቸው አልጠፋም።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ጭራሽ ምንም ብረት የሌለው፣ የመጀመሪያው ትውልድ ኮከብ ተገኝቷል ወይ?» አለችኝ። አልተገኘም። ከመጀመሪያው ትውልድ ትንንሽ ኮከቦች ተወልደው ቢሆን እስከ ዛሬ በሕይወት ስለሚኖሩ አንዳቸውን ባገኘን ነበር። ወይ ያኔ ግዙፎች ብቻ ተወልደዋል፣ ወይ ትንንሾቹ በጣም ጥቂት ናቸው። ሦስተኛም አለ፣ በ13 ቢሊዮን ዓመት ጉዞ ላያቸው ላይ አቧራ ተነስንሶባቸው ድህነታቸው ተሸፍኖ ይሆናል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፣ ግን ኬሚስት ነኝ፣ አትስሙኝ።

አንድ አባት ደግሞ «በዕድሜ ከዓለም የሚበልጥ ኮከብ ተገኘ የሚል አንብቤ ነበር» አሉ። ያ ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ኤች ዲ 140283 ነው። በ2013 በሀብል ቴሌስኮፕ ርቀቱ ተለክቶ ዕድሜው 14.46 ቢሊዮን ዓመት ተባለ። ዜናው ሲሮጥ «ሲደመር ሲቀነስ 0.8» የምትለዋን መንገድ ላይ ጣላት። ያቺ ስትጨመር ከ13.8 ጋር ምንም ጠብ የለውም። በኋላ የተሠሩ ስሌቶች ደግሞ ወደ 12 ቢሊዮን አውርደውታል። ማቱሳላ ብለው ቅጽል ስም አውጥተውለታል፣ ተስማሚ ነው።

ደግሞም ቅርባችን ነው፣ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ። በባዶ ዓይን ትንሽ ያመልጣል፣ በተራ ባይኖኩላር ግን ይታያል። ያለው ሚዛን የሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። ግንቦት ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ከአዲስ አበባ ወደ ላይ ብታዩ ከአናታችሁ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ታገኙታላችሁ። ክረምቱ ከገባ ደመና ነው፣ ዕድል የለም። የኮከብ ካርታውን እኔ አትሜ አመጣለሁ። ባይኖኩላር ያለው ወላጅ ካለ ለአንድ ሌሊት ያውሰን። ጋቢ መያዝ እንዳትረሱ።